1968 ፖንቲያክ ጂቲኦ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰች፦ በስንት ልሽጣት? የት ላውጣት?

ባልቲሞር68፦

ሰላም ወገኖች። ጂቲኦዋን ልሸጣት ነው። ስትፈታም ስትገጠምም ብዙዎቻችሁ በፎቶ ተከታትላችኋታል። ሽያጩንም ከእናንተ ጋር መምከር ፈለግኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የጋራዡ የኪራይ ውል ሊያልቅ ነው፤ ባለቤቱም እንደማያድስ ነግሮኛል። ትልቋ ልጄ ደግሞ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች። ውጭ አቁሜያት የሜሪላንድ ክረምት ጨው ሲበላት ከማይ፣ ለሚንከባከባት ሰው ብትሄድ ይሻለኛል።

መኪናዋ ሁለት በር ሃርድቶፕ ናት። ሞተሯ 400 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ነው፤ በሊትር 6.6 መሆኑ ነው። ከፋብሪካ 350 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ማኑዋል ናት፣ ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ። ቀለሟ ቨርዶሮ ግሪን፣ ውስጧ ጥቁር። ቪኗ (የመኪናዋ መለያ ቁጥር) በ242378ቢ ይጀምራል። የመጨረሻዋ ፊደል ባልቲሞር መሠራቷን ታሳያለች። እዚሁ አጠገቤ በነበረው፣ 2005 ላይ በተዘጋው የጂኤም (የፖንቲያክ ባለቤት የጄኔራል ሞተርስ) ፋብሪካ ማለት ነው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቦዲዋ ከሻንሲው ተነሥቶ ነው የታደሰችው። ሻንሲው በአሸዋ ተገርፎ ተቀባ። ሲሊንደሮቹ በ0.030 ኢንች ተቦረዱ፣ ፒስተኖቹ ተቀየሩ። ያሁኑ ቤንዚን እርሳስ ስለሌለው ቴስታታዎቹ ላይ ጠንካራ የባልቦላ መቀመጫ አስገብተናል። የኋላ ዕቃ መጫኛው ወለልና የሁለቱም የኋላ ፓራፋንጎ የታችኛው ክፍል ዝጎ ነበር። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደበት። ሁሉም በፎቶ አለ።

ሞተሩ የራሷ ነው፤ ከፋብሪካ አብሯት የወጣው ማለት ነው። ካምቢዮው ግን መንሲ (ጂኤም ራሱ ይሠራው የነበረ ዓይነት) ቢሆንም ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ስገዛት የራሷ አልነበረም።

ያሰብኩት ዋጋ 78,000 ዶላር ነው። ደረሰኞቼን ስደምር ከዚያም ይበልጣል። በጨረታ ላውጣት ወይስ በራሴ ልሽጣት? ስለ ካምቢዮውስ እንዴት አድርጌ ልናገር?


የዳላስ ልጅ፦

እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድሜ። የበሮቹና የኮፈኑ ክፍተት ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ያ ብቻውን ስለ ሥራህ ይመሰክራል።

እኔ ብሆን ጨረታ ነው የማስገባት። ጥር ላይ ስኮትስዴል፣ አሪዞና ባሬት-ጃክሰን አለ። በዚያው ወር ኪሲሚ፣ ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ ሚከም አለ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው እልህ ከተጋባልህ 78 ቀርቶ 90ም ልትገባ ትችላለች። ካምቢዮው መንሲ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ነገሩን ብዙ አታንሳው። ሰው የሚያየው ቀለሙን፣ የሚሰማው ድምፁን ነው።


ጋሽ ሞተር፦

የዳላስ ልጅ፣ በጨረታው ላይ ቆይተን እንነጋገራለን። ስለ ካምቢዮው ያልከውን ግን አልቀበልም።

ባልቲሞር፣ ስማኝ ልጄ። በዚህ ዋጋ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለም አይገዛም። ቀለምማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያስቀባል። የሚገዛው ማስረጃ ነው። የእጅ ባትሪና መስታወት ይዞ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ የሚፈልገው ቁጥር ነው።

1968 ለዚህ የተመቸ ዓመት ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የጂኤም መኪና ቪን በፊት መስታወቱ በኩል እንዲነበብ ዳሽቦርዱ ላይ ወጣ። የቪኑ ከፊል ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው ላይ መመታት ጀመረ። የካምቢዮው ቁጥር ከዳሽቦርዱ ጋር እንደማይገጥም ገዢው መኪናዋ ሥር ገብቶ በደቂቃዎች ያውቀዋል። ቀድመህ ብትነግረው ዋጋው ላይ ትንሽ ይደራደርሃል፣ በቃ። ራሱ ቢደርስበት ግን ሌላውንም ሁሉ ይጠራጠራል። ሞተሩን፣ ብየዳውን፣ ደረሰኙን፣ አንተን ራስህን።

ስለዚህ ዋጋ ከማውራታችን በፊት እነዚህን መልስልኝ። ሞተሩ ፊት ላይ ያለው ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ምንድን ነው? የቪኑ ከፊልስ በደንብ ይነበባል? የፒ.ኤች.ኤስ ሰነድ አውጥተሃል? ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የፋብሪካውን መዝገብ ቅጂ ይዟል። ቪኑን ልከህ ስትከፍል መኪናዋ ምን ምን አማራጭ ይዛ እንደወጣች የሚያሳየውን ወረቀት ይሰጥሃል። የሼቭሮሌት ሰዎች እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም።

ቀለሙስ ምን ዓይነት ነው? ጂኤም በዚያ ዘመን የሚቀባው አክሪሊክ ላከር ነበር።


ባልቲሞር68፦

እናመሰግናለን ጋሼ። ኮዱ ደብልዩ-ቲ ነው። የቪኑ ከፊል ከታይሚንግ ሽፋኑ ጎን በግልጽ ይነበባል፤ ከዳሽቦርዱ ጋር አንድ ነው። ፎቶውን አያይዣለሁ።

የፒ.ኤች.ኤስ ሰነድም አለኝ። ቀለም ኪው ይላል፣ ማለትም ቨርዶሮ ግሪን። ባለ 4 ማርሽ መሆኗም፣ ኮፈኑ ላይ የሚቀመጠው የሞተር ዙር ቆጣሪም ተጽፏል። ኤርኮንዲሽን የላትም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ቀለሙ ላከር አይደለም። ዘመናዊው ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ መሠረት ቀለም፣ ከላዩ ግልጽ ሽፋን። የፊት ፍሬኗ ከፋብሪካ ባለ ከበሮ ነበር። ለደኅንነት ብዬ ዲስክ አስገብቻለሁ። ከበሮዎቹን ከነዕቃቸው በካርቶን አስቀምጫቸዋለሁ።


ጋሽ ሞተር፦

ደስ አሰኘኸኝ። ደብልዩ-ቲ 350 ፈረስ ጉልበት ያለው የማኑዋሉ ሞተር ነው። ኦቶማቲክ ብትሆን ዋይ-ኤስ ይል ነበር። ሰነዱ ባለ 4 ማርሽ ይላል፣ ሞተሩም የማኑዋል ነው፣ ቪኑም ገጠመ። ሦስቱ ሲስማሙ ማንም አፉን ሞልቶ አይከራከርህም።

ከበሮዎቹን እንዳትጥል። ከመኪናዋ ጋር ይሄዳሉ። መልሶ ወደ ፋብሪካ ይዞታዋ ማምጣት ለሚፈልግ ሰው ያ ካርቶን ገንዘብ ነው።


ትዕግሥት_ኤምዲ፦

ይቅርታ፣ እኔ ለዚህ ነገር አዲስ ነኝ። ባለቤቴ ይህችን መኪና አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የዚያው ዓመት ፖንቲያክ ሊማንስ በጣም ባነሰ ዋጋ አየሁ። ለእኔ ዓይን አንድ ናቸው። ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ?


የዳላስ ልጅ፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታሪኩ ከ1964 ይጀምራል። ጂኤም ያኔ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖች ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ከትልቁ መኪና ላይ ባለ 389 ሞተሩን አውጥተው ቴምፔስት ሊማንስ ውስጥ ከተቱት። ክልከላውን ለማለፍ እንደ አዲስ ሞዴል አላቀረቡትም፤ 295 ዶላር የሚያስከፍል አማራጭ ብለው አስገቡት። 5,000 ይሸጣል ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ፎርድም ክራይስለርም ከዚያ በኋላ ነው እየተሯሯጡ የተከተሉት።

ስለዚህ ጂቲኦ የዚህ ሁሉ መነሻ ናት። ሊማንስም ቆንጆ ናት፤ ግን ያ ሞተርና ያ ታሪክ የላትም።


ጋሽ ሞተር፦

አንድ ልጨምር፤ ለእህታችን ይጠቅማታል። በ1964ና በ1965 ጂቲኦ አማራጭ ስለነበረች ቪኑ ጂቲኦ መሆኗን አያሳይም። ስለዚህ ሊማንሱን ጂቲኦ አስመስሎ የሠራ ሰው ብዙ ነው። ከ1966 እስከ 1971 ግን ራሷን የቻለች ሞዴል ሆነች፤ ቪኗ በ242 ይጀምራል። ሊማንስ 237 ነው። የባልቲሞርን መኪና ቪን ያየ ሰው እዚህ ላይ ጥያቄ የለውም። ባለቤትሽ ሌላ መኪና ሊያይ ከሄደ ከቀለሙ በፊት የቪኑን የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ያንብብ።


ሒሳብ_በእጄ፦

ሥራዬ የግብር ሒሳብ ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ። ወንድሜ፣ ደረሰኞችህን እንዳትጥል። በአሜሪካ ሕግ የግል መኪናህን ከወጪህ በላይ ከሸጥክ ትርፉ ግብር አለበት። ከወጪህ በታች ከሸጥክ ግን ኪሳራውን መቀነስ አትችልም። የተገዛችበት ዋጋና ለማሻሻያ ያወጣኸው ተደምሮ ነው ወጪህ የሚባለው። ዘይት መቀየር ከዚህ አይገባም፤ ሞተር ማደስ ይገባል። የራስህ የእጅ ሥራ ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትሠራም፣ በሒሳብ አይያዝም።

ሌላው ጥሬ ገንዘብ ነው። የእኛ ሰው ካሽ ይወዳል። ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ስታስገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይሄ የተለመደ ነው፤ ምንም አይጎዳህም። የሚጎዳህ ሪፖርቱን ለመሸሽ ብለህ 9,000፣ 9,000 እየከፋፈልክ ብታስገባ ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም መከፋፈሉ በራሱ ወንጀል ነው። ለወንድሞቻችን ሁሉ ንገሩልኝ።


ባልቲሞር68፦

እህቴ፣ ስለ መከፋፈሉ ያልሽውን አላውቅም ነበር። ተባረኪ።

ወደ ዋጋው እንመለስ። የገባባት ገንዘብ ከ78,000 ይበልጣል። ቢያንስ ወጪዬን ባስመልስ ፍትሐዊ አይደለም?


ጋሽ ሞተር፦

ልጄ፣ ልፋትህን አውቃለሁ። እኔም በዚህ ሙያ ነው ያረጀሁት። ግን ገዢው ያንተን ደረሰኝ አይከፍልም። የሚከፍለው ሌላ ቦታ ተመሳሳይ መኪና የሚያገኝበትን ዋጋ ነው። የአሜሪካ ክላሲክ መኪና አስገጣጥሞ ወጪውን የመለሰ ሰው ጥቂት ነው፤ በተለይ ለሠራተኛ ከፍሎ ያሠራ። ደረሰኞቹ ሌላ ጥቅም አላቸው። ሥራው በእርግጥ መሠራቱን ያረጋግጣሉ። እንደ ማስረጃ አሳያቸው፤ እንደ ዕዳ ግን አታቅርባቸው።

ሃገርቲ የሚባለው የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ድርጅት መኪኖችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 1 ለመኪና ቁንጅና ውድድር የሚቀርብ፣ እንከን የማይወጣለት ነው። 2 በጣም ጥሩ፣ 3 ጥሩና የሚነዳ፣ 4 እየሠራ ጉድለት ያለበት። ታድሶ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የራሱን 1 ይላል። ያንተ ቀለሟ ላከር አይደለም፣ ካምቢዮዋ የራሷ አይደለም፣ ፍሬኗ ተቀይሯል። ስለዚህ 1 አይደለችም። ጠንካራ 2 ናት ብዬ እፈርማለሁ።

አሁን የ1968 ሃርድቶፕ ባለ 4 ማርሽ በደረጃ 2 ስንት እንደተሸጠች ፈልግ። ስንት እንደተጠየቀባት አትይ። የጠየቀ ሁሉ አልሸጠም። ብሪንግ ኤ ትሬለር የሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ያለፉ ጨረታዎቹን ከነዋጋቸው ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ እዚያ ገብተህ አንድ በአንድ አንብብ። አስተያየቶቹንም ጭምር።


የዳላስ ልጅ፦

ጋሼ፣ ስለ ካምቢዮው ልክ ነዎት፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ጨረታውን ግን እንዲህ በቀላሉ አንጣለው። ገበያ ነው ዋጋ የሚያወጣው ካልን፣ ከጨረታ የበለጠ ገበያ የት አለ?


ጋሽ ሞተር፦

እውነትህን ነው፣ ጨረታ ገበያ ነው። ግን ለየትኛው መኪና? ባሬት-ጃክሰን አብዛኛውን መኪና ያለ ዝቅተኛ ዋጋ ገደብ ነው የሚሸጠው። መድረክ ላይ ወጥታ ያን ሰዓት ፈላጊዋ አዳራሹ ውስጥ ከሌለ በወጣችበት ዋጋ ትሄዳለች። ባለቤቱ ይህን ገንዘብ ለልጁ ትምህርት ነው የሚፈልገው። ከሜሪላንድ አሪዞና ማጓጓዣ አለ፣ መመዝገቢያ አለ፣ ኮሚሽን አለ፣ ሆቴል አለ። ያ ሁሉ ከሱ ኪስ ነው።

እንዲህ ወረቀቷ የተሟላ መኪና በጽሑፍና በፎቶ በደንብ ትሸጣለች። ኢንተርኔት ላይ የሚያነብ ገዢ ጊዜ አለው። የክላሲክ መኪና ማስታወቂያ የሚወጣበት ሄሚንግስ አለ፣ ብሪንግ ኤ ትሬለር አለ፣ የጂቲኦ አሶሲዬሽን ኦፍ አሜሪካ አባላት አሉ። የማኅበሩ ሰው ደብልዩ-ቲ ምን እንደሆነ አታስረዳውም። እሱ ያስረዳሃል።


ከፍራንክፈርት፦

ሰላም ከጀርመን። የአውሮፓ ገዢ አትርሱ። ጀርመንም ስዊድንም የአሜሪካ መኪና ወዳጅ ብዙ ነው። ስዊድን ውስጥ ቬስቴሮስ ከተማ በየበጋው ይደረግ የነበረውን ስብሰባ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማው በቪ8 ድምፅ ይሞላ ነበር።

ሕጉም ያግዛል። መኪናዋ ከ30 ዓመት በላይ ከሆናትና እንደ ፋብሪካዋ ይዞታ ካለች፣ እንደ ታሪካዊ ተሽከርካሪ ትታያለች። ያኔ ወደ አውሮፓ ኅብረት ስትገባ ቀረጥ የለባትም። ጀርመን ላይ የሚከፈለው የገቢ ዕቃ ታክስ 7 በመቶ ብቻ ነው። እንደ ተራ መኪና ከታየች ግን 10 በመቶ ቀረጥና 19 በመቶ ታክስ ይመጣባታል። እዚህ ከደረሰች በኋላ የታሪካዊ መኪና ታርጋ ስታገኝ የዓመት ግብሯ 191 ዩሮ ገደማ ነው፤ ሞተሯ የቱንም ያህል ትልቅ ይሁን።

ስለዚህ ኤርኮንዲሽን አለመጨመርህ፣ የዘመኗን ሞተር መያዝህ ለእኛ ገዢ ጥሩ ነው። የዲስክ ፍሬኑ ዘመኑ ላይ በአማራጭ የነበረ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ከበሮዎቹ አብረው ከመጡ ደግሞ ጭራሽ ይሻላል።


ሳሪስ_ጋራዥ፦

ከአዲስ አበባ ነው። ይህችን መኪና ሳይ ልቤ ነው የደነገጠው። እዚህ ፎልስ፣ ፊያት 600፣ የድሮ ማርቼዲስ እናድሳለን። የአሜሪካ ቪ8 ግን ስንቱ ቀረ? ወደ አገር ቤት የሚያመጣት ቢገኝ ምን ይመስላችኋል?


ጋሽ ሞተር፦

ወንድሜ፣ ምኞትህን እጋራለሁ። ግን በር ዝግ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ (ይሄም በእኛ አቆጣጠር ነው) ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ራሱ ተከልክሏል። አውሮፓ እንዳለው ዓይነት የታሪካዊ መኪና ልዩ ሕግ ቢኖረን እንዴት ጥሩ ነበር። እዚያ ያሉትን አሮጌዎቹን ጠብቋቸው። ፊያት 600ዋን አደራ።


ባልቲሞር68፦

ምክራችሁን ሰብስቤ የተሸጡትን ዋጋዎች አንብቤያለሁ። 69,500 ብዬ ልጀምር ወስኛለሁ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው፤ ሐሳቡን ግን በአማርኛ ላስቀምጥላችሁና እረሙልኝ።

«1968 ፖንቲያክ ጂቲኦ ሃርድቶፕ፣ ባልቲሞር የተሠራች፣ የፒ.ኤች.ኤስ ሰነድ ያላት። ሞተሩ የራሷ ነው፤ ኮዱ ደብልዩ-ቲ፣ የቪኑ ከፊል ይነበባል። ካምቢዮው የዘመኑ መንሲ ባለ 4 ማርሽ ነው፤ የራሷ አይደለም። ቀለሟ እንደ ፋብሪካዋ ቨርዶሮ ግሪን፤ የተቀባችው ግን በዘመናዊ ቀለም ነው። የፊት ፍሬን ወደ ዲስክ ተቀይሯል፤ ከበሮዎቹ አብረው ይሰጣሉ። ዝገት የለባትም። እንደ አዲስ ናት።»


ጋሽ ሞተር፦

እስከ ከበሮዎቹ ድረስ እጅህ ይባረክ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አውጣቸው። «ዝገት የለባትም» ከምትል የትኛው ላሜራ እንደተቆረጠና እንደተተካ ጻፍ፤ የብየዳውን ፎቶም አያይዝ። «እንደ አዲስ» የሚለውን ሁሉም ሰው ስለሚጽፈው ማንም አያነበውም።

ስለ ፊት ፓራውልቷም አንድ መስመር ጨምር። 1968 ኢንዱራ የገባበት ዓመት ነው። ክሮም የለውም፤ ላዩ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ነው፤ ከቦዲው ጋር አንድ ቀለም ይቀባል። ቀለም ቀቢው የሚለጠጥ ማደባለቂያ ካልጨመረበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የሚያውቅ ገዢ እዚያ ነው የሚያፈጥጠው። የማያውቅ ገዢ ደግሞ ማግኔት ያስጠጋና ሲለቅበት ስቱኮ ነው ብሎ ይደነግጣል። ኢንዱራ መሆኑንና በምን እንደተቀባ ጻፍለት።


ባለ_ሌንስ፦

ፎቶ ሥራዬ ነውና ይቺን ልበል። ደመና ባለበት ቀን አንሣት። ጠራራ ፀሐይ አረንጓዴውን ይገድለዋል፤ ማታ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ከሥሯ፣ ከኮፈኑ ሥር፣ ከምንጣፉ ሥር አንሣ። ጭረት ካለ አቅርበህ አንሣው። ቪዲዮው ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ አሳይ። ሞተሩ ሞቆ የሚነሣ ቪዲዮ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ገዢዎችም ያውቁታል። ሙዚቃ አትጨምርበት። ድምፁን ነው የሚፈልጉት።


ባልቲሞር68፦

ማስታወቂያው ወጥቷል፤ ሰዎች እየጻፉ ነው። አንዱን ልጠይቃችሁ። ከሩቅ ግዛት ነኝ የሚል ሰው ሳያያት፣ ሳይከራከር በጠየቅኩት ዋጋ ልግዛ ይላል። የባንክ ቼክ እልካለሁ፣ ከዋጋው በላይ ጨምሬ እጽፋለሁ፣ ትርፉን ለመኪና ጫኙ ላክልኝ ነው የሚለው። ምን ትላላችሁ?


ሒሳብ_በእጄ፦

ወንድሜ፣ እንዳትመልስለት! ይሄ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ቼኩ በቀናት ውስጥ ሒሳብህ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ምክንያቱም ባንኩ ገንዘቡን ቶሎ እንዲለቅ ሕግ ያስገድደዋል። ገንዘቡ ታየ ማለት ግን ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ያኔ ባንኩ ሁሉንም መልሶ ከአንተ ይወስዳል፤ ለጫኙ የላክኸው ደግሞ ሄዷል።

እውነተኛ ገዢ ከሆነ በገዢው ባንክ ቅርንጫፍ ተገናኙ፤ ቼኩ ፊትህ ይጻፍ። ወይም ዋየር ያድርግልህ (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ ያስተላልፍልህ)፤ የራስህ ባንክ መድረሱን በራስህ ስልክ ደውለህ አረጋግጥ። ገዢው ራሱ በላከልህ የኤስክሮው (ገንዘቡን በመሐል የሚይዝ ድርጅት) ሊንክ ግን እንዳትገባ። ታይትሉን (የባለቤትነት ሰነዱን) ገንዘቡ ሳይረጋገጥ አትፈርም።


የዳላስ ልጅ፦

ሙከራ መንዳትም ላይ ተጠንቀቅ። መጀመሪያ አንተ ንዳ፣ እሱ ጎንህ ይቀመጥ። ቁም ነገረኛ መሆኑን ካየህ በኋላ መንጃ ፈቃዱን አይተህ ስጠው። ኢንሹራንሱን ደግሞ መኪናዋ ከእጅህ እስክትወጣ ድረስ እንዳታቋርጥ።


ባልቲሞር68፦

ተሸጠች። 66,500 ዶላር።

ገዢው ከፔንስልቬንያ ነው። ካርላይል ላይ የሚደረገውን የጂኤም መኪኖች ትርዒት በየዓመቱ የሚሄድ ሰው ነው። መርማሪ ይዞ መጣ። መርማሪው የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ቦዲውን ዞረ፣ የሞተሩን ቁጥር አነበበ፣ ካምቢዮው ጋ ሲደርስ ገዢው «እሱን ጽፎታል፣ እለፈው» አለ። ድርድሩ የነበረው በዋጋ ላይ ብቻ ነው። በማንኛችንም ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው።

ገንዘቡ በዋየር ገባ፤ ባንኬ ካረጋገጠልኝ በኋላ ታይትሉን ፈረምኩ። ታርጋውን አስቀርቼ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት መልሻለሁ። ሰነዱን፣ ደረሰኞቹን፣ ከበሮዎቹን፣ ፎቶዎቹን በሙሉ ሰጥቼዋለሁ። ልጄም ጫኙ ሲመጣ አብራኝ ነበረች። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።


ትዕግሥት_ኤምዲ፦

እንኳን ደስ ያለህ! እኛ ደግሞ አሁን ተራችን ነው። ባለቤቴ የ1970 ሼቭሮሌት ቼቬል አግኝቷል። ሻጩ ኤስኤስ 454 ናት፣ ኤልኤስ6 ሞተር አላት፣ ሞተሩም የራሷ ነው ይላል። ቪኗ በ13637 ይጀምራል። እንደ ጂቲኦዋ ቁጥሩን አንብቦ ማወቅ ይቻላል? ገንዘቡ በጣም ብዙ ነው፤ ፈርቻለሁ።


ጋሽ ሞተር፦

ልጄ፣ መፍራትሽ ተገቢ ነው። 136 የቼቬል ማሊቡ ቪ8 ቁጥር ነው፤ ማሊቡ ተራዋ፣ ኤስኤስ ደግሞ ጉልበተኛዋ ቼቬል ናት። በ1966፣ 67ና 68 ኤስኤስ የራሱ ቁጥር ነበረው፤ 138። ከ1969 ጀምሮ ግን አማራጭ ሆነ። ስለዚህ የ1970ው ቪን ማሊቡም ትሁን ኤስኤስ አንድ ነው። ኤልኤስ6 ደግሞ 450 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ በጣም የሚፈለግ ሞተር ስለሆነ ማስመሰል የሚበዛው እሱ ላይ ነው።

ሼቭሮሌት ቁጥሩን የሚመታው ቴስታታው ከሚያርፍበት ገጽ ጥግ ላይ ነው። ብሎኩ ሲታደስ ያ ገጽ ከተላገ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ አዲስ የሚመታ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃሽም። የፋብሪካው የሥራ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) አናት ላይ ተጣብቆ ነው፤ አንዳንዴም በወንበሩ ስፕሪንግ ውስጥ። ሻጩ ወረቀቱ አለኝ ካለ በዓይናችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ ያለው ቪን ከዳሽቦርዱ ጋር ይግጠም። የለኝም ካለ መኪናዋን የሚያውቅ መርማሪ ቅጠሩና በቀጭን ካሜራ ሰልባትዮው ላይ ይይ።

ያን እስክታዩ ድረስ ቀብድ እንዳትሰጡ። ሻጩ ማስመርመር ካልፈቀደ ወይም ወረቀት ከሌለ፣ ባለቤትሽ ዋጋ ሲያቀርብ የማሊቡን ዋጋ ያቅርብ።